«እሺ» ከማለታችን በፊት



ወጣቶች የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ወደ እኛ ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ስለ ምሥጢረ ሥላሴ ወይም ስለ ጾም ሥርዓት አይደለም። ስለ ሥራ ነው። በጎንደር ከተማ በማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆመው ክፍት የሥራ ቦታ የሚያነቡትን፣ የትምህርት ማስረጃቸውን ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን በክላሰር ይዘው ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚዞሩትን ልጆች የማያውቅ ማን አለ? ካህንም ሆነ ካቴኪስት ይህን ጥያቄ «ዓለማዊ ነው» ብሎ ሊያልፈው አይገባም። የዕለት እንጀራ የምንለምንበትን ጸሎት ያስተማረን ጌታችን ራሱ ነውና።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን የአንዲት ልጅ ጉዳይ ነው። ማንነቷ እንዳይታወቅ ከሌሎች ወጣቶች ታሪክ ጋር አዋሕደን እናቀርበዋለን። ወላጆቿ በወገራ ደጋ ገብስ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። ጎንደር የሂሳብ አያያዝ ትምህርቷን ጨርሳ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሥራ ስታፈላልግ አዘዞ በአክስቷ ቤት ተቀመጠች። በመጨረሻ የክርስትና እናቷ ደባርቅ ለሚገኝ አንድ የእህል ነጋዴ ነግረውላት በሂሳብ ሠራተኛነት ሊቀጥራት ፈቀደ፤ «እስከ ሰኞ አሳውቂኝ» አላት። በዚያው ሰሞን ደግሞ ጎንደር ውስጥ ያለ አንድ ባንክ የሰጠውን የጽሑፍ ፈተና ማለፏ ተነገራት። ለቃለ መጠይቅ ትጠራለች፤ ቀኑ ግን አልተቆረጠም። የባንኩ ደመወዝ ነጋዴው ከሚከፍላት እጥፍ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። ከቅዳሴ በኋላ ቀርባ የጠየቀችን እንዲህ ብላ ነበር፤ «አባ፣ ለነጋዴው እሺ ብዬ ልጀምርና ባንኩ ሲጠራኝ ዝም ብዬ ብሄድ ኀጢአት ይሆንብኛል?»

ጥያቄዋ ቅን ነው። ብዙዎች ሳይጠይቁ የሚያደርጉትን እርሷ ጠይቃለች። መልሱን ግን በአንድ ቃል ልንሰጣት አልቻልንም።

በቤቷ አስቀድሞ ብዙ ምክር ሰምታለች። አባቷ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን አስታውሰው ያገኘችውን እንድትይዝ መከሯት። ወንድሟ ደግሞ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ መቆጠሩን አምኖ፣ ነገር ግን መዳብን ወርቅ ነው ብሎ መያዝም ሞኝነት ነው አለ። ምሳሌያዊ አነጋገር የአባቶች ጥበብ መሆኑን እናከብራለን፤ ሆኖም ተረት ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ልጆቻችንን ለማስፈራራት ስንጠቀምበትም የማሰብን ሥራ ከእጃቸው እንነጥቃለን።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ነገር ሁለት ምክሮች ይሰጠናል፤ ለጊዜው የሚቃረኑ ይመስላሉ። መክብብ በምዕራፍ 11 ቁጥር 4 ነፋስን ሲጠባበቅ የሚኖር ሰው እንደማይዘራ፣ ደመናን ሲመለከት የሚውልም እንደማያጭድ ያስተምራል። የወገራና የዳባት ገበሬ ይህን ለመረዳት ሰባኪ አያስፈልገውም። ዝናሙ እስኪያምርለት የሚጠብቅ የገብስ ዘሩን በጎተራ ያስቀረዋል። በሌላ በኩል ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው ሲናገር፣ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን መቁጠር እንዳለበት ያሳስባል። መቁጠርም ከእምነት ማነስ የሚመጣ አይደለም። ስለዚህ ልጅቱን አስቀድመን ወረቀትና እስክሪብቶ እንድትይዝ ነገርናት። ደባርቅ ለቤት ኪራይ ስንት ትከፍላለች? አዘዞ በአክስቷ ቤት ብትቆይ ምን ይተርፋታል? ነጋዴው ዋስ ይጠይቃልን? ዋሷስ ማን ይሆናል? ለወላጆቿ በየወሩ ልትልክላቸው የምታስበው ከየትኛው ደመወዝ ይወጣል? ሌላም ቁጥር የማይገባበት ጥያቄ አለ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ልጅ ሥራ በጻፉት መልእክት ያስተማሩን የሥራ ክብር የሚመነጨው ከሚሠራው ሰው ማንነት እንጂ ከሥራው ዓይነት እንዳልሆነ ነው። የባንክ መስኮት ከእህል መጋዘን ይበልጥ ያስከብራል የሚለው አስተሳሰብ በከተማችን ሥር የሰደደ ቢሆንም ከወንጌል የተገኘ አይደለም።

ስለ እግዚአብሔር ፈቃድም ጠየቀችን። «ከሁለቱ የትኛውን እንደ ፈቀደልኝ እንዴት ልወቅ?» አለች። እዚህ ላይ ረዘም አድርገን ልንናገር እንወዳለን፤ ምክንያቱም ብዙ ምእመናን የሚሰናከሉት በዚህ ነው። አንዳንዱ ኮከብ ወደሚቆጥርለት፣ ጠንቋይ ወደሚባለው ሰው ይሄዳል። ይህን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2116 በግልጽ ስለሚከለክለው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገንም። ይልቁንም የሚያሳስበን መንፈሳዊ መስሎ የሚታየው ነው። «ስልኬ እስከ ዓርብ ከጮኸ የእግዚአብሔር ፈቃድ ባንኩ ነው፤ ካልጮኸ ነጋዴው ነው» የሚሉ አሉ። መጽሐፍ ቅዱስን ዐይናቸውን ጨፍነው ገልጠው ጣታቸው ካረፈበት ቁጥር መልስ የሚፈልጉም አሉ። የጌዴዎንን የበግ ፀጉር (መሳፍንት 6፥36-40) እንደ ማስረጃ ይጠቅሳሉ። ሆኖም ጌዴዎን ያን ምልክት የጠየቀው እግዚአብሔር ትእዛዙን ከሰጠው በኋላ ነው፤ ምልክቱም ድካሙን ለመደገፍ እንጂ ማሰብን ለመተካት አልተሰጠውም። ሐዋርያትም በይሁዳ ፈንታ ማትያስን በዕጣ የመረጡት መንፈስ ቅዱስ ከመውረዱ በፊት ነው (የሐዋ. 1፥26)። ከጰራቅሊጦስ በኋላ በኢየሩሳሌም ጉባኤ ከባድ ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ግን ዕጣ አልጣሉም፤ ተከራከሩ፣ ተመካከሩ፣ ከዚያም መንፈስ ቅዱስና እነርሱ በአንድነት እንደ ወሰኑ ጻፉ (የሐዋ. 15)። ስልክ የሚጮኸው ወይም የማይጮኸው በብዙ ምክንያት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸውና ኔትወርክ በጠፋባቸው ቀናት የተጠሩበትን ሳይሰሙ የቀሩ ልጆች አሉ። ለእነዚህ ልጆች እግዚአብሔር አልፈቀደላችሁም ልንላቸው ነውን?

ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በዚህ ረገድ የተሻለ መምህር ነው። በነገራችን ላይ ስሙ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በ1555 እ.ኤ.አ. ለዐፄ ገላውዴዎስ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፣ ከማኅበሩ ልጆች አንዱ የሆኑት አባ ፔድሮ ፓኤዝም በ1622 እ.ኤ.አ. በጣና ዳር በጎርጎራ ዐርፈዋል። ያ ታሪክ ኀዘንም ስላለበት ለሌላ ጊዜ እናቆየው። ኢግናጥዮስ በ1548 እ.ኤ.አ. በቤተ ክርስቲያን በጸደቀው የመንፈሳዊ ልምምድ መጽሐፉ ምርጫዎችን በሁለት ይከፍላቸዋል። እንደ ክህነትና እንደ ምሥጢረ ተክሊል ያሉ አንድ ጊዜ ከተመረጡ የማይለወጡ አሉ፤ ሁኔታ ሲለወጥ ሊለወጡ የሚችሉም አሉ። ሥራ ከሁለተኛው ወገን ነው። ይህን ለልጅቱ በነገርናት ጊዜ ፊቷ ላይ ዕረፍት አየን። ከነጋዴው ጋር የምትፈራረመው ውል ጋብቻ እንዳይደለ የነገራት ሰው አልነበረም።

ቅዱሱ ሁለቱም መንገዶች መልካም ሆነው ልብ ሲከፈል የምንረዳበትን ዘዴም ይጠቁማል። የማታውቀው፣ ነገር ግን መልካም የምትመኝለት ሰው ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ቢመጣ ምን ብለህ ትመክረዋለህ? ያንኑ ለራስህ አድርግ። ወይም በሞትህ አልጋ ላይ ሆነህ የዛሬውን ውሳኔህን እንዴት ባደረግሁት ብለህ ትመኛለህ? ደግሞም ልብ በጨለመበትና በታወከበት ሰዓት ቀድሞ በሰላም የወሰኑትን መለወጥ እንደማይገባ ያስጠነቅቃል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነቅቶ ስለ ደመወዝ የሚያሰላስል ሰው በዚያ ሰዓት ምንም አይወስን። ነግቶ ቁርሱን ከበላ በኋላ ያስብበት።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ምርጫው ነው። ልጅቱ የጠየቀችን ግን በመሠረቱ ስለ ቃሏ ነበር።

በአገራችን «እሺ» ብዙ ሸክም የሚሸከም ቃል ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺ» እንላለን። ለታላቅ ሰው፣ ለባለውለታ፣ ለክርስትና እናት «አይሆንም» ማለት ነውር ይመስለናል፤ ይሉኝታ ይይዘናል። ስለዚህም ልባችን ያልወሰነውን አፋችን እሺ ይላል፤ በኋላም ስልካችንን አጥፍተን እንቀራለን። ጌታችን ቃላችን አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም እንዲሆን ያዘዘን (ማቴ. 5፥37) ለመሐላ ብቻ ብሎ አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ከምናውቃቸው ሁለት ልጆች አባቱን በትሕትና እሺ ብሎ ወደ ወይኑ ቦታ ያልሄደው፣ በእኛ አገር ሚዛን ጨዋ ልጅ ተብሎ ይመሰገን ነበር። እምቢ ያለው ደግሞ ባለጌ ይባል ነበር። የአባቱን ፈቃድ የፈጸመው ግን እምቢ ብሎ በኋላ ተጸጽቶ የሄደው ነው።

ነጋዴው የእሺታዋን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ እናስብ። ሌሎቹን አመልካቾች ያሰናብታል። ከእነርሱ መካከል ምናልባት ከእርሷ ይልቅ ረጅም ጊዜ ሥራ ያጣ፣ «ተጠባባቂ» ተብሎ ስሙ የተጻፈ አለ። ዋስ የሆናት ሰው ይፈርማል። የክርስትና እናቷ በነጋዴው ዘንድ ያላቸውን ስም አስይዘዋል። በልቧ «ባንኩ እስኪጠራኝ ነው» እያለች ይህን ሁሉ ብትቀበል፣ እሺታዋ ከመነሻው አይደለምን በውስጡ የያዘ ይሆናል። ኀጢአቱ ያለው ሥራ በመለወጧ ሳይሆን በዚህ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ በዚህ ነገር ተከሷል። ወደ ቆሮንቶስ ለመምጣት አስቦ ሳለ ዕቅዱን በለወጠ ጊዜ፣ አዎንና አይደለምን በአንድነት የሚናገር ሰው ነው ተባለ። በሁለተኛው መልእክቱ በምዕራፍ 1 የሰጠውን መልስ ካቴኪስቶች ከወጣቶች ጋር ቢያነቡት እንወዳለን። ዕቅዱን መለወጡን አልካደም። ቃሉ ግን የማታለል ቃል እንዳልነበረ፣ ያልመጣበትም ምክንያት ስለ እነርሱ እንደ ሆነ በግልጽ አስረዳ። ሐዋርያውም ዕቅድ ይለውጣል፤ ተደብቆ ግን አይለውጥም። ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2410 የተገባ ቃልና የተፈጸመ ውል፣ የያዘው ግዴታ በግብረ ገብ ትክክል እስከ ሆነ ድረስ፣ በታማኝነት መጠበቅ እንዳለበት ያስተምራል።

የመንግሥት ሕግም እዚህ ላይ ሰው ለሰው ሊያደርገው ከሚገባው ጥቂቱን ወስኗል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለቅ ይችላል። ሙከራውን ከጨረሰ በኋላ ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። (የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ።) ስለዚህ ልጅቱ በሁለተኛው ወር ብትጠራ ሕጉ አያስራትም። ሆኖም ሕግ የከፈተው በር ሁሉ በሌሊት የሚወጡበት በር አይደለም። መልቀቂያ ሳይዙ የሄዱ ልጆች ሌላ ቦታ በተቀጠሩ ጊዜ «ከቀድሞው መሥሪያ ቤትህ መልቀቂያ አምጣ» ሲባሉ ያፈሩበትን ቀን ራሳቸው ነግረውናል።

ለአሠሪዎችም አንድ ቃል አለን፤ ሸክሙ በወጣቱ ትከሻ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባምና። ለቃለ መጠይቅ እንጠራችኋለን ብሎ ወራት ማሳለፍ፣ ውጤት ይለጠፋል ብሎ አለመለጠፍ፣ ላልተመረጠው ሰው ቁርጡን አለመንገር፣ እነዚህም ቃልን ማጠፍ ናቸው። የራሳችንንም ጉድለት አንሸሽግም። አንድ ጊዜ ለቁምስናችን አገልግሎት ሦስት ሰዎች አነጋግረን አንዱን ብቻ መረጥን፤ ለሁለቱ ምንም ሳንል ቀረን። ከመካከላቸው አንዱ ከአራት ወር በኋላ በመንገድ አግኝቶን «አባ፣ ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ብሎ በትሕትና ጠየቀን። ሌላ ሥራ ቀርቦለት እኛን ሲጠብቅ ሳይቀበለው ቀርቶ ነበር። ያን ዕለት ያልነውን ይቅርታ ዛሬም በቂ ነው ብለን አናምንም።

ደግሞም ይህን ሲያነቡ «ምነው ሁለት ምርጫ በኖረኝ» የሚሉ እንዳሉ እናውቃለን። በመስከረምና በጥቅምት ከደጋው ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ ሰው፣ የቀን ሠራተኛ በሚቀጠርበት ቦታ ቆሞ ሳይመረጥ መዋል ምን እንደ ሆነ ያውቃል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ያለው የወይን ባለቤት በዐሥራ አንደኛው ሰዓት ወጥቶ ያገኛቸው ሰዎች ለምን ሥራ ፈትተው እንደ ቆሙ ሲጠየቁ፣ የቀጠረን የለም ብለው ነበር የመለሱት። ሰነፎች ነበሩ አልተባለም። ሁለት ሥራ የቀረበለት ሰው በምርጫው ሲጨነቅ እነዚህን ቢያስብ ጭንቀቱ ባይጠፋም መልኩን ይለውጣል፤ አንዱን በጊዜ ቢለቅ ያ ቦታ ለሌላ ሰው የዕለት እንጀራ ነውና።

በከተማችን በጎንደር ቃሉን ቀስ ብሎ የሰጠ፣ ከሰጠ በኋላም ያላጠፈ አንድ አባት ነበር። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ከጎጃም መጥተው በጎንደር የተማሩና ያስተማሩ መነኵሴ ነበሩ። በ1841 እ.ኤ.አ. ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ እንዲያመጡ ወደ ግብፅ ከላኳቸው መልእክተኞች ጋር ሄዱ፤ ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስን የተዋወቁትም በዚያ ጉዞ ነው። እስከ ሮም ደረሱ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛን አዩ። ሆኖም ባዩት ነገር ተደንቀው እዚያው አልወሰኑም። ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ መርምረው፣ ጠይቀው ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተባበሩት በ1844 እ.ኤ.አ. ነው። በ1851 ክህነት ተቀበሉ፤ በ1854 በጎንደር ታሰሩ፤ ቃላቸውን እንዲመልሱ ቢገደዱም አልመለሱም፤ በ1855 በሰንሰለት እንዳሉ ዐረፉ። የእምነት ቃልና የደመወዝ ውል አንድ እንዳልሆኑ እናውቃለን፤ ለባንክ ወይም ለእህል መጋዘን ሰማዕት ሁኑ አንልም። ነገር ግን ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ አስተዋይነትን ሲያስረዳ ምክሩ ቀስ ያለ፣ የተመከረበትን መፈጸም ግን ፈጣን ሊሆን እንደሚገባ የተናገረው በእኚህ አባት ሕይወት ይታያል። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተገላቢጦሹን ነው። እሺ ለማለት እንፈጥናለን፤ ለመፈጸም እንዘገያለን።

ወደ ልጅቱ እንመለስ። በማግስቱ ከክርስትና እናቷ ጋር ሆና ለነጋዴው ስልክ ደወለች፤ የባንኩን ፈተና ማለፏን፣ ቃለ መጠይቅም እንደምትጠብቅ ነገረችው። የክርስትና እናቷ አስቀድመው ተቆጥተው ነበር፤ «ይህን ብትነግሪው ሰውየው ይተወናል» ብለው። ነጋዴው ጥቂት ዝም አለና «እስከ ሐሙስ ልቆይሽ፤ ከዚያ ወዲያ ግን የእህል መግቢያ ጊዜ ስለ ሆነ አልችልም» አላት። ወደ ባንኩም ሄዳ ቃለ መጠይቁ መቼ እንደሚሆን ጠየቀች፤ ገና አልታወቀም ተባለች። ሐሙስ ጠዋት እሺ አለች። በእሺታዋ ላይ ግን አንድ ነገር ተስማሙ፤ በሙከራው ጊዜ ውስጥ ከተጠራች ቀድማ ትነግረዋለች፣ ብትመረጥም የወሩን ሂሳብ ሳትዘጋና መዝገቡን ለሚተካት ሰው ሳታስረክብ አትሄድም።

በስድስተኛው ሳምንት ተጠራች። ነጋዴው ማጉረምረሙ አልቀረም፤ ቢሆንም የአንድ ቀን ፈቃድ ሰጣት። ከደባርቅ ማልዳ ተነሥታ በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ አድርጋ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ጎንደር ደረሰች፤ ቃለ መጠይቁን ሰጥታ በማግስቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ይህን ስንጽፍ ውጤቱ ገና አልተለጠፈም። ጠዋት ጠዋት መጋዘኑ ሲከፈት በሚዛኑ አጠገብ ቆማ የገባውን የገብስ ኩንታል ትመዘግባለች።